ማን ማንን ከዳ?

ጠላት አይከዳም። ጠላት ይወጋል፣ ይዘርፋል፣ ያቃጥላል እንጂ «ከዳኝ» የሚባልለት የታመነ ብቻ ነው። ዳገት ሲወጣ የዛለ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲልም የተደገፈው ነገር በጭንቁ ሰዓት አልያዘውም ማለቱ ነው። ብድሩን «አልወሰድኩም» ያለ ሰው ግን ካደ እንጂ ከዳ አይባልም፤ መካድ የአፍ ነው፣ መክዳት ጥሎ መሄድ። «ክህደት» ሁለቱንም ስለሚሸፍን፣ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ማን ማንን አምኖ እንደነበር ሳይጠየቅ ይወረወራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ከሃዲ ለተባለ ሰው ደም የሚጠይቅ የለምና።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይህን ያውቁታል። በበጌምድር ገዢነታቸው እነዚህን አገሮች ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሥተው፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ ደብረ ዘቢጥ አጠገብ አንቺም ላይ ከጦር ሚኒስትሩ ከሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት ጋር ገጠሙ። ከሰማይ ቦምብ ብቻ አልወረደም፤ ራስ ጉግሣን አመፀኛ፣ ተከታያቸውን ውጉዝ የሚል ወረቀትም በአውሮፕላን ተበተነ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። በደጋፊዎቻቸው ዓይን ግን ከሃዲ አልነበሩም፤ በ1909 ዙፋን ላይ ስትወጣ እንድትለያቸው ለተደረገችው ለቀድሞ ባለቤታቸው፣ ለንግሥት ዘውዲቱ የቆሙ ነበሩ እንጂ። ወረቀቱን ሰምቶ ጌታውን ጥሎ የሄደ ወታደርስ? ለአዲስ አበባ ታማኝ ነው፤ ለራስ ጉግሣ የከዳቸው ሰው።

«እንዲህ ከሆነማ ክህደት የሚባል የለም፣ አሸናፊ የሰጠው ስም ብቻ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ታኅሣሥ 1929 የራስ ካሳ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን፣ በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አግባቢነት ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተሰጥቷቸው ለጣሊያን እጃቸውን ሰጡ፤ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ይህን በየትኛውም ወገን ቢቆሙ ሌላ ስም አይሰጡትም። ቃል ነበረ፣ ቃሉን ያመነ ሰው ነበረ፣ የሞተውም በማመኑ ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ ስድብ እንጂ ክስ አይሆንም። ከራስ ጉግሣ ሞት በኋላ በጌምድርን ያስተዳድሩ የነበሩት የአበራና የአስፋ ወሰን ወንድም ወንድወሰን ካሳም በዚያው ወር በጣሊያኖች ተይዘው ተገደሉ። እሳቸው ግን የተያዙት ከጠላት ጋር ሲዋጉ ነው፤ ግፍ ነው፣ ከጣሊያን በኩል ግን ክህደት አይባልም።