ሳይወጣ የቀረው የዳርዝ ሞል ጌም

«ቲቸር፣ ተጀምሮ የሚቀር ጌም አለ እንዴ?» ብሎ አንድ ተማሪ ጠየቀን። አለ፣ ብዙ ነው። አንዱን እንንገራችሁ።

ዳርዝ ሞል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የ«ስታር ዎርስ» ፊልም ላይ የታየ ክፉ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ፊቱ ቀይና ጥቁር፣ ራሱ ቀንዳም፣ ሰይፉ በሁለቱም ጫፍ የሚያበራ። ሰውነቱ የሬይ ፓርክ፣ ድምፁ የፒተር ሴራፊኖዊች ነው። ብዙ አይናገርም፤ መጨረሻ ላይም ወገቡ ላይ ተቆርጦ ይወድቃል። ሰው ግን አልረሳውም።

በ2010 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ ሬድ ፍላይ የሚባል ስቱዲዮ ስለ እሱ ጌም መሥራት ጀመረ። ነገር ግን ሞል የሉካስፊልም ንብረት ነው፤ ጌሙን ያዘዘውም የዚያው ድርጅት ክፍል ሉካስአርትስ ነበር። ካርቱም ውስጥ ሱቅ በር ላይ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ አስቡት። ጨርቁ የደንበኛው ነው። ደንበኛው «ይቅርብኝ» ካለ፣ ግማሹ የተሰፋ ኮት ለሌላ ሰው አይሸጥም።

ልኩም ይለዋወጥ ነበር። መጀመሪያ የሞልን ወጣትነት ሊተርኩ አሰቡ፤ በኋላ ጆርጅ ሉካስ ራሱ ከሞል ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ የምትኖረው ዳርዝ ታሎን አብራ ትግባ አለ። በ2011 ሥራው ተሰረዘ። «ያስቀረው ዲዝኒ ነው» የሚል ካለ ዓመቱን ይቁጠር፤ ዲዝኒ ሉካስፊልምን የገዛው በ2012 ነው።

ትምህርት ጀምረን ላላጠናቀቅን ለእኛ ለመምህራኑ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልጁ ግን ቀጠለ፦ «የሠሩትስ የት ገባ?» ጥቂት ሥዕሎችና አጫጭር የሙከራ ቪዲዮዎች በኋላ ለሕዝብ ወጥተዋል። ሞልም በ2012 በቴሌቪዥን ካርቱን ተመልሶ መጣ፤ ከወገቡ በታች በብረት እግር።