የዶፓሚን ስካን ለካርቱም

የፓርኪንሰን ሕመም እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የተነሣ ይመስላል፤ ያኔ ግን ነገሩ ብዙ ርቆ ሄዷል። በመካከለኛው አንጎል «ሰብስታንሺያ ናይግራ» በሚባለው ጠቆር ያለ ክፍል ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል እያመረቱ፣ እንቅስቃሴን ወደሚያቀናጀው «ስትራያተም» በረጃጅም ጫፎቻቸው ያደርሳሉ። ሰውየው አንድ እጁ ሲከብደውና የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያዳግተው፣ ከእነዚህ ጫፎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኸርበርት ኤሪንገርና ኦሌህ ሆርኒኪየቪች ቪየና ውስጥ በሕመሙ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው የዶፓሚኑን እጥረት አሳዩ። ዶፓሚኑን በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ላይ ለማየት ግን ሃያ ዓመት ያህል ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል፤ በ1983 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጨረር ያለው ፍሎሮዶፓ ተጠቅመው በአንጎል ውስጥ ያለውን ዶፓሚን በፔት ስካን አነሡት።

ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ዳትስካን ከዚያ የቀለለ ነው። አውሮፓ በ2000፣ አሜሪካ በ2011 ፈቅደውታል። ኢዮዲን-123 የተሸከመ፣ በኬሚካል አሠራሩ የኮኬይን ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል፤ ንጥረ ነገሩም የተለቀቀውን ዶፓሚን መልሶ ወደ ሕዋሱ በሚያስገባው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ታካሚው ጋማ ካሜራ ሥር ይተኛል። በጤነኛ አንጎል ላይ ግራና ቀኝ ጅራት ያላቸው ሁለት ብሩህ ቅርጾች ይታያሉ። በፓርኪንሰን ጊዜ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ጅራቱ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከታመመው እጅ በተቃራኒ ባለው የአንጎል ወገን።

ይህን ምርመራ ከካርቱም አንጻር ማየት ጠቃሚ ነው የምለው፣ ከተማዋ አሁን ሕክምናዋን ከፍርስራሽ ላይ ማንሣት ስላለባት ነው። ነዋሪው «ዘራ» የሚለው፣ የአቶም ሆስፒታል እንደማለት፣ የካርቱም የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል ለአሥርተ ዓመታት የሱዳን ዋና የካንሰርና የኑክሌር ሕክምና ተቋም ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት እሱንም አብዛኞቹን የከተማዋን ሆስፒታሎችም ከሥራ ውጭ አደረጋቸው። በድየም ሰፈር ይኖሩ የነበሩ የእኛ ሰዎችም ብዙዎቹ በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ። ነገ ማሽን ሲገዛ፣ ለነርቭ ሕክምናም ዘመናዊው ስካን ይምጣ የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው፤ ለጅማሬ ፓርኪንሰን ስካኑ መምጣት ያለበት ከሐኪሙና ከመድኃኒቱ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ስካኑ የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ ነው። የዶፓሚን ጫፎች መጉደላቸውን ያሳያል፣ ለምን እንደጎደሉ ግን አይናገርም። ኤምኤስኤና ፒኤስፒ የተባሉት፣ ከፓርኪንሰን ፈጥነው የሚጎዱና ለመድኃኒት እምብዛም የማይመለሱ ሕመሞችም ያንኑ የደበዘዘ ጅራት ያሳያሉ። በ2004 የታተመው «ኤልዶፓ» ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነገር አወጣ። በጥናቱ ከተሳተፉት 361 የጅማሬ ታካሚዎች መካከል ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓን የወሰዱት እንቅስቃሴያቸው ተሻሻለ፤ ስካን የተነሡት ሲታዩ ግን ሌቮዶፓ በወሰዱት ላይ ምስሉ ካልወሰዱት ይልቅ ደበዘዘ። ሰውየው ሲሻለው ምስሉ ባሰበት ማለት ነው። መድኃኒቱ ራሱ ፕሮቲኑን ቀንሶት ይሆን ወይስ ሕዋሳቱን ጎድቶ የሚለው ሲያከራክር ኖሯል፤ ለማንኛውም ምስሉ የሕመሙ ልክ እንዳልሆነ ለማሳየት ይህ ይበቃል።

አንባቢ «ሐኪም በዓይኑ አይቶ ከሚሳሳት ማሽኑ አይሻልም?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሐኪም በእርግጥ ይሳሳታል። በ1992 የታተመ የለንደን ጥናት በሕይወት ሳሉ ፓርኪንሰን ተብለው የታከሙ 100 ሰዎችን አንጎል ከሞት በኋላ ሲመረምር የተረጋገጠው በ76ቱ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከስህተቶቹ መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው እነዚያው ኤምኤስኤና ፒኤስፒ ነበሩ፤ እነሱን ስካኑም አይለያቸውም። በኤልዶፓ ጥናት ስካን ከተነሡት 142 ሰዎች ውስጥ 21ዱ፣ ሐኪሞች ፓርኪንሰን ቢሏቸውም፣ ምስላቸው ጤነኛ ነበር። ማሽኑ በእርግጥ የረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ለሌላ መንቀጥቀጥ ሲባል የፓርኪንሰን መድኃኒት ለዓመታት ከመዋጥ ያድናል።

በእኛ አካባቢ ትልቁ ስህተት ግን ሕመምተኛው ከናካቴው ሐኪም ሳያየው መቅረቱ ነው። በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ ከ160 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት ሲታሰስ 33 የፓርኪንሰን ታማሚዎች ተገኙ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የሕመማቸውን ስም የነገራቸው አልነበረም። መንቀጥቀጡና ዝግታው «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። እነዚህን ሰዎች የሚያገኛቸው ጣት ሲያንኳኳ፣ ክንድ ሲታጠፍ፣ ሰው ሲራመድ ማየት የሠለጠነ ሐኪም ነው። ቀጥሎ ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። በቂ መጠን ወስዶ በግልጽ የተሻለው ሰው፣ ምርመራውን ራሱ መድኃኒቱ ደግፎለታል።

ካሜራው ይቅር ማለቴ አይደለም። «ዘራ»ም ሆነ ሌላ ማዕከል ጋማ ካሜራ መትከሉ ለእንቅርት፣ ለአጥንትና ለልብ ምርመራ የግድ ነው፤ ያው ካሜራ ለአንጎልም ያገለግላል። ልዩነቱ ያለው በሚወጋው ነገር ላይ ነው። ኢዮዲን-123 በሳይክሎትሮን የሚሠራ ሲሆን በየ13 ሰዓቱ ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ በአውሮፕላን በሰዓቱ መድረስ አለበት፣ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ጦርነቱ በተጀመረበት ቀን የውጊያ ሜዳ የሆነ ነው። ትሮዳት የተባለው፣ በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አማራጭ የሚጠቀመው ቴክኒሺየምን ነው። እሱም የስድስት ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ብቻ አለው፤ ነገር ግን 66 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ካለው ሞሊብደነም እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ሞሊብደነሙን የያዘውን ዕቃ «ላሚቱ» ይሉታል፤ በሳምንት አንዴ ትመጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ትታለባለች። ምስሉ ከዳትስካን ትንሽ ይደበዝዛል፤ ብራዚልና ታይዋን ግን ሠርተውበታል።

ለማን ይነሣ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። ለማስታወክ ፕላሲል፣ ለአእምሮ ሕመም ሃሎፔሪዶል የሚወስድ ሰው ቁርጥ ፓርኪንሰን ሊመስል ይችላል፤ መድኃኒቱ የዶፓሚን መቀበያዎችን ስለሚዘጋ እንጂ ሕዋሱ ስለሞተ አይደለም። ፕላሲሉ ቆሞ ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት መጠበቅ ለብዙዎቹ ይበቃል፤ ስካን አያስፈልግም። ሃሎፔሪዶሉ ግን ሲቋረጥ ሕመሙ የሚያገረሽበት ሰው አለ፤ ሌቮዶፓ ቢጨመርለት ደግሞ ቅዠቱ ሊብስበት ይችላል። ለእሱ፣ ጅራቱ ደብዝዟል ወይስ አልደበዘዘም የሚለው መልስ ነገ ጠዋት የሚውጠውን ክኒን ይቀይራል።