ኅዳር ሲገባ ታጁራ የሚደርሰው ዌል ሻርክ

በረዶ የሚወርድባቸው አገሮች ቤተሰቦች፣ ብርዱ በበረታ ጊዜ ውሃ ሲያምራቸው፣ ጣሪያ ሥር ይገባሉ። ከበርሊን በስተደቡብ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ትሮፒካል አይላንድስ ለዚህ ትልቅ ማሳያ ነው። የአየር መርከብ ሊሠራበት ታስቦ የቆመውን 360 ሜትር ርዝመትና 107 ሜትር ከፍታ ያለውን አዳራሽ አሸዋ፣ ዘንባባና ገንዳ ሞሉበት፤ አየሩም ዓመቱን ሙሉ 26 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ይሞቃል። ልጅ እዚያ ሲዋኝ ይውላል፣ ቤተሰቡም እዚያው ያድራል።

ጅቡቲ ከተማ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ጭኖ ሲመጣ ሰው በሩን ዘግቶ አየር ማቀዝቀዣ ሥር ይውላል። ኅዳር ሲገባ ግን ከተማዋ ወደ ደጅ ትወጣለች። እስከ ጥር ድረስ የባሕሩ ውሃ ራሱ 26 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጀርመኖቹ በማሞቂያ የሚያመጡት ሙቀት እዚህ በነፃ አለ። በባሕሩ ዳርቻ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ፓላስ ኬምፒንስኪ ገንዳ አለው፤ ለትንንሾች ይበቃል። ነገር ግን በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ፣ ወይም ከድሬዳዋ በባቡር ናጋድ ጣቢያ ወርዶ፣ ከገንዳው ሳይርቅ የሚመለስ ቤተሰብ ያሳዝነኛል። ጣፋጭ ውሃ እዚያ ውድ ነገር ነው። ከተማዋ ከምትጠጣው ከፊሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከእኛው ሶማሌ ክልል፣ ከሐዳጋላ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋ ቧንቧ የሚሄድ ነው። ባሕሩ ግን ሞልቶ ተርፏል፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ በምድር ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁን ያስተናግዳል።

ዌል ሻርክ፣ የጅቡቲ ጀልባ ነጂዎች በፈረንሳይኛ ረኬን ባሌን የሚሉት፣ ሻርክ እንጂ ዓሣ ነባሪ አይደለም። በመተንፈሻ ስንጥቆቹ ይተነፍሳል፣ አጥንት የለውም፣ አካሉን የሚይዘው ልም አጥንት ነው። ያደገው ከ12 ሜትር ይበልጣል። አፉ የሰፋ፣ ጥርሶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ጥርስ እጅግ ትንሽ ነው፣ ለማኘክም ሆነ ለመንከስ አያገለግልም። ጉሮሮውም ጠባብ ስለሆነ ሰው ሊውጥ አይችልም። ይህን ለልጆች ጀልባው ላይ ከመውጣታቸው በፊት መንገር ይገባል፤ ሻርክ ሲባል የሚመጣባቸው ፍርሃት ከዚህ እንስሳ ጋር አይገናኝም።

የሚበላው ፕላንክተን ነው፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ፣ ብዙዎቹ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ፍጥረታት። ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚስበውም ይኸው ነው። የሞንሱን ነፋስ አቅጣጫውን ሲቀይር ምግብ ያዘለ ውሃ ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥቃቅኖቹ ይራባሉ፣ ዓሣውም ይከተላቸዋል። በተለይ ከከተማው በስተምዕራብ፣ የፈረንሳይ ጦር የሥልጠና ሰፈር ባለበት በአርታ ፕላዥ ዳርቻ፣ ከባሕሩ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ አፉን ከፍቶ ይመላለሳል። አንዳንዴ ጅራቱን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆምና ውሃውን ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ሜክሲኮ ባሕር ላይ የተደረገ ጥናት አራት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ዌል ሻርክ በሰዓት 326 ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያጠልል ገምቷል። በዚህ ሂሳብ፣ 2,500 ሜትር ኩብ የሚይዘውን የኦሊምፒክ ዋና ገንዳ አጥልሎ ለመጨረስ ስምንት ሰዓት አይፈጅበትም።

ያንን መጠን የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ ታጁራ የሚመጡት በአብዛኛው የዚያኑ ያህል ናቸው። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሜትር ይሆናሉ፤ ያልደረሱ ናቸው፣ አብዛኞቹም ወንዶች። ጎረምሶች ብንላቸው ይስማማቸዋል። እናቶቹ እዚህ አይታዩም። እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን አቅራቢያ የተያዘች አንዲት ሴት ዌል ሻርክ በሆዷ ወደ 300 የሚጠጉ ሽሎች ተገኝተውባታል፤ ቢሆንም ከእነዚያ ሁሉ ለአካለ መጠን የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ዝርያው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው መካከል ተመዝግቧል። ስለዚህ የአርታ ፕላዥ ጎረምሶች ለውሃ ዋና መዝናኛ የቀረቡ መጫወቻዎች አይደሉም፤ ሊደርሱ ገና ብዙ ዓመት የሚቀራቸው ናቸው።

የሚጎዳቸውም ይታወቃል። ምግባቸው ከውሃው ገጽ ስለሆነ ከጀልባ ሞተር ጋር ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው የታጁራ ጥናት ከተለዩት ዓሦች ከግማሽ በላይ በጀልባ ወይም በሞተሩ ምላጭ የደረሰባቸው ጠባሳ ነበራቸው። እንግዲህ ጀልባ ስትከራዩ ከዋጋው በፊት ጠይቁ፤ ዓሣው ሲታይ ነጂው ፍጥነቱን ይቀንሳል? ፊት ለፊቱ ይቆማል? ይከብበዋል? መልሱ ካልጣማችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ውሃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ከአካሉ ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ አራት ሜትር ራቁ፤ አትንኩት፣ ብልጭታ ያለው ካሜራ አትጠቀሙ። መዋኘት የሚችል ልጅም ቢሆን የሕይወት ጃኬት ይልበስ። ያልቻለው ከጀልባው ጠርዝ ያያል፤ ዓሣው ከውሃው ገጽ አጠገብ ስለሚበላ ከዚያም በደንብ ይታያል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ እየበረታ ባሕሩን ስለሚያናውጥ ማለዳ መነሣት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልጆች ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። በጀርባው ላይ እንደ ሌሊት ሰማይ የተበተኑት ነጭ ነጠብጣቦች ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው አይመሳሰሉም። ተመራማሪዎች የከዋክብትን አቀማመጥ ለማመሳሰል የተቀመረ ስሌት ወስደው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እያንዳንዱን ዓሣ በነጠብጣቡ እየለዩ ይመዘግባሉ። መዝገቡም ከጎብኚ የሚላክ ፎቶ ይቀበላል። የሚፈለገው የግራ ጎኑ ነው፤ ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ ኋላ ያለው ክፍል፣ ከጎን ቀጥ ተብሎ የተነሣ፣ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት።