ወጨጫን በአንድ ቀን ወጥቶ ለመመለስ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ይነገራል። የወጨጫ ተራራ ከደኑ በላይ እስከ 3,385 ሜትር ይደርሳል።

ወሳኙ ነገር ሰዓት ነው። ደመና ጫፉን ሳይሸፍነው አዲስ አበባን በስተምሥራቅ ቁልቁል ለማየት የሚሻ ተጓዥ ገና ሲነጋ ከከተማ ይነሳ። በክረምት መንገዱ ያዳልጣል፣ ጉሙም እይታውን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ይመረጣል።

ታች ግዙፎቹ ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያም አስታ ይቀበላሉ። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚታዩት በዝግታና በጸጥታ ለሚሄድ ነው፤ ጫፉን ብቻ እያሰቡ ደኑን በሩጫ ማለፍ እጅግ ያስቆጫል!

ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ያስፈልጋል። ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ስለሚጨልም ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ቁልቁለቱን መጀመር ግድ ነው።