ትራንስፎርመር ፍጥነት አይጨምርም

ከአሜሪካ የተላከ የሸክላ ማጫወቻ ተሸክሞ የሚመጣ ደንበኛ፣ ገና ካርቶኑን ሳይፈታ «ትራንስፎርመር ገዝቼለታለሁ» ይለኛል። ነገሩ አልቆ እኔ የቀረኝ መርፌ መቀየር ብቻ ይመስለዋል።

ከነዚህ አንዱ እስካሁን ይከነክነኛል። የአባቱን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በሙሉ እህቱ ከቨርጂኒያ በላከችለት ማጫወቻ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ በፍላሽ ለዘመድ አዝማድ ካደለ በኋላ ነው የመጣው። መርፌውን ቀይሬ የብዙነሽ በቀለን ሸክላ ለሙከራ ሳስቀምጥ፣ የወጣው ድምፅ ከጎርናናነቱ የተነሣ የወንድ ሊመስል ምንም አልቀረውም። «የድሮ ዘፈን እኮ ለዛው እሱ ነው» አለኝ።

ለዛው አይደለም። ትራንስፎርመር 220ውን ቮልት ወደ 120 ያወርዳል፤ ሥራው ይኸው ነው። የኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ የአሜሪካው 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ ይህን ደግሞ ትራንስፎርመር አይነካውም። የፈለገውን ያህል ትልቅና ውድ ይሁን፣ 50 ሄርዝ የገባበት 50 ሄርዝ ሆኖ ይወጣል። ሳህኑን የሚያዞረው ሲንክሮነስ ሞተር የሚታዘዘው ደግሞ ለቮልቱ ሳይሆን ለምልልሱ ነው። ስለዚህ 45 ዙር መዞር ያለበት 37.5 ይዞራል፤ 33⅓ የነበረው 27.8 ይሆናል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል። ሞተሩም ያለ ወትሮው ይግላል።

ሰው ለምን አይነቃም? ድምፁ ሁሉ እኩል ስለሚወርድ ነው። በፒያኖ ቢለካ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል፣ ግን ትዝታው ያው ትዝታ፣ ባቲውም ያው ባቲ ነው። ቅኝቱ ካልተበላሸ ጆሮ አይደነግጥም። ጭራሽ ቀዝቀዝ ሲል «ስሜት አለው» የሚሉ አሉ። እነዚህን ምን ልበላቸው? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች በጊዜያቸው የሰማ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ ሌላው ቢያንስ በኢትዮፒክስ ሲዲዎች ላይ የወጣውን ያንኑ ዘፈን ጎን ለጎን ይስማ።

ከዚያ ቺንጋው ይወቀሳል። «ጎማው ረዝሟል» ብለው ቺንጋ ያስቀይራሉ፣ ምንም አይለወጥም። ያረጀ ቺንጋ ሲንሸራተት ድምፁን ያንገዋልለዋል፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጥ ሆኖ የሚዘገይ ማጫወቻ ግን መጀመሪያ በሄርዝ ይጠርጠር።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው ራሱ መዋሸቱ ነው። ከአሜሪካ የመጣው የስትሮብ ወረቀት ለ33⅓ የተሰሩ 216 ነጠብጣቦች አሉት፤ ለእኛ መብራት የሚሆነው ባለ 180ው ነው። ባለ 216ቱን በእኛ መብራት ብታዩት፣ ነጠብጣቦቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ሳህኑ በ27.8 ሲዞር ነው፤ ማለትም ልክ በተሳሳተው ፍጥነት! ባለቤቱ ይህን አይቶ «ልክ ነው» ብሎ ይከራከረኛል። ወረቀቱን ተዉት። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉና ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በ33ቱ ላይ 28 ገደማ ከመጣ ምክንያቱን አግኝታችኋል።

ሁሉም ማጫወቻ እንዲህ አይደለም። ዲሲ ሞተር ያላቸው፣ ወይም እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ፍጥነታቸውን ኳርትዝ የሚጠብቅላቸው ለሄርዝ ደንታ የላቸውም፤ ለእነሱ ትራንስፎርመሩ በቂ ነው። የጃፓን ዕቃ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ፈትሹ። እዚያ አገር ቶኪዮ በ50፣ ኦሳካ በ60 ሄርዝ ስለሚሠሩ፣ ለሁለቱም የሚሆን ፑሊ ይዘው የሚመጡ ማጫወቻዎች አሉ።

ለ50 ሄርዝ የሚሆን የሞተር ፑሊ ከሌለው ቶርኖ ቤት ማስቀረፅ ይቻላል። ውፍረቱ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ 10 ሚሊሜትር የነበረው 12 ይሆናል። ግን የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስህተት ፍጥነቱን አንድ በመቶ ገደማ ያዛንፈዋል፣ መሐሉ ካልገጠመ ደግሞ ዘፈኑ ይዋዥቃል። የወፍጮ ፑሊ የሚሠራ ባለሙያ «ይህች ምን አላት» ካላችሁ አትስጡት።

በፍላሽ ለተበተኑት ቅጂዎችም መላ አለ፦ በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ1.2 ማባዛት። ፕሮግራሙ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ ፍጥነቱን ከድምፁ ቅጥነት ጋር አብሮ የሚለውጠውን ውሰዱ። «ቴምፖ» የሚለውን ከነካችሁ ዘፈኑ ይፈጥናል እንጂ ብዙነሽ እንደ ጎረነነች ትቀራለች። በዚያ ላይ ቺንጋው ሲንሸራተት የተቀዳ ከሆነ 1.2ውም አያድነውም፤ ሸክላውን አውጥቶ እንደገና መቅዳት ነው።