ያውቁ ኖሯል? የተሰበረው ጎማ የገለጠው ነጭ አፈር

በማርስ አንድ ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የናሳዎቹ ተሽከርካሪ ሮቦቶች «ስፒሪት» እና «ኦፖርቹኒቲ» ማርስ ላይ ሲያርፉ፣ ካሊፎርኒያ የተሰባሰቡት ተመራማሪዎች ኑሯቸውን በዚሁ ሰዓት አደረጉ። እያንዳንዷ ሮቦት ቀን ሠርታ፣ መረጃዋን ልካ ስታርፍ፣ እነሱ ምስሎቹን ዘርግተው የቱ ድንጋይ ይፋቅ በሚል ይከራከራሉ፤ ሳይነጋባት የነገውን ትእዛዝ ማድረስ አለባቸው። የሥራ መግቢያቸው በየቀኑ 40 ደቂቃ ገደማ ስለሚገፋ፣ ጠዋት ይገባ የነበረው ሰው ከ18 ቀን በኋላ ማታ ይገባል። ለቤተሰብ መቼም አይመችም!

የማርስን ጊዜ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት የሠራላቸው ሰዓት ሠሪም ተገኝቷል።

ከዚህ ሁሉ ድካም ግን ትልቁ ሲሳይ የመጣው ከብልሽት ነው። በ2006 የስፒሪት የፊት ቀኝ ጎማ መዞር አቆመ። መሐንዲሶቹ ወደ ኋላ እየነዱ፣ የሞተውን ጎማ መሬት ለመሬት ያስጎትቷት ጀመር። በ2007 ጎማው ቀዩን አፈር ቦርቡሮ ከሥሩ ነጭ ነገር አወጣ። ሲመረመር 90 በመቶ ያህሉ ሲሊካ ሆነ። እንዲህ ያለ ሲሊካ በምድር ከሚገኝባቸው ቦታዎች መካከል ፍል ውሃ ወይም የእሳተ ገሞራ እንፋሎት ያለባቸው ይገኙበታል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ክርክሩ ሮቦቷ በ2010 ድምጿ ከጠፋ በኋላም ቀጠለ። በ2016 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ስቲቨን ሩፍ እና ጃክ ፋርመር፣ የማርሱ ሲሊካ በቺሊ ኤል ታቲዮ ፍል ውሃዎች ዳር ከሚገኘው ጋር በቅርጽ እንደሚመሳሰል አሳዩ፤ በዚያ ቅርጹን በመሥራት ረገድ ረቂቅ ተሕዋስያን እጅ አላቸው።