ከነገሌ ቦረና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ፦ ስለ ደሴት ዕረፍት የሚነገሩ ተረቶችና እውነታቸው

ነገሌ ቦረናና ዛንዚባር በካርታ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ናቸው፤ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ አካባቢ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርድ አንድ መስመር ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ቀጥታ ርቀት 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያም ሆኖ በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎችም የደቡብ ቆላ ከተሞች ለሠርግ፣ ለጋብቻ በዓል ወይም ከረጅም የሥራ ዘመን በኋላ ለማረፍ ወደ ደሴት መሄድ የሚፈልግ ሰው ዕቅዱን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በወሬ ተመርኩዞ ነው። የቅንጦት ዕረፍት የሚበላሸው ሁልጊዜ ገንዘብ በማነሱ አይደለም። ወቅቱ፣ ሰነዱና መንገዱ በተሳሳተ ግምት ሲወሰኑም ይበላሻል። በብዛት የሚነገሩት ግምቶችና እውነታቸው ቀጥሎ ቀርበዋል።

ተረት 1፦ ደሴት ሁሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ለደቡብ ኢትዮጵያ ቅርብ የሆኑት አራት የደሴት ስብስቦች በመልክም በአኗኗርም ይለያያሉ። ከሁሉም የሚቀርበው የኬንያው ላሙ ነው። ላሙ፣ ማንዳና ፓቴ የተባሉት ደሴቶች የሚገኙበት ሲሆን፣ ጥንታዊት የላሙ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በጠባብ መንገዶቿ ጭነት የሚመላለሰው በአህያ ነው። ዛንዚባር በዋናነት ኡንጉጃና ፔምባ የተባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ናት፤ አሮጌው የድንጋይ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በቅርስነት ተመዝግቧል። ሲሼልስ 115 ደሴቶች አሏት። ዋና ዋናዎቹ ማሄ፣ ፕራሊንና ላ ዲግ ከግራናይት ድንጋይ የተሠሩ፣ ተራራና ደን ያላቸው ናቸው። ማልዲቭስ ደግሞ 1,200 ገደማ ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች ያሏት አገር ናት። በዚያ አንድ ሪዞርት ብዙውን ጊዜ አንድ ደሴት ለብቻው ይይዛል፤ እንግዳው ከሪዞርቱ ወጥቶ የሚጎበኘው ከተማ አያገኝም።

ስለዚህ ታሪክና ገበያ የሚወድ ሰው ላሙን ወይም ዛንዚባርን፣ ተራራና ደን የሚወድ ሲሼልስን፣ ጸጥታና ባሕር ብቻ የሚፈልግ ማልዲቭስን ቢመርጥ ይረካል። ላሙን የሚመርጥ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ከደሴቱ ማዶ ያለው የላሙ አውራጃ የየብስ ክፍል ለሶማሊያ ድንበር ቅርብ በመሆኑ ታጣቂዎች በተደጋጋሚ ጥቃት አድርሰውበታል። በዚህ ምክንያት ጎብኚዎች ከናይሮቢ ወይም ከማሊንዲ በአውሮፕላን ወደ ማንዳ በርረው በጀልባ መሻገርን ይመርጣሉ።

ተረት 2፦ ደሴት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው፤ መቼም ቢሄዱ አይከፋም።

እውነታ፦ በዚህ ጉዳይ የቦረና ቆላ ነዋሪ ከደገኛው የተሻለ መነሻ አለው። በደጋው ዋናው ዝናብ ክረምት ነው። በቦረና ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋነኛው፣ ገና የሚባለው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ አነስተኛው፣ ሀገያ የሚባለው፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር። የዛንዚባርና የላሙ ዝናብም እንዲሁ ሁለት ነው። ማሲካ የሚባለው ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ቩሊ የሚባለው ቀላሉ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይጥላል። ምክንያቱ አንድ ነው። ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመላለሰው የዝናብ ቀበቶ ሁለቱንም አካባቢዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ያቋርጣል። በቦረና ግጦሹ የሚያገግምበት የበልግ ወራት በዛንዚባር ብዙ ሆቴሎች ለጥገና የሚዘጉበት ነው። ደጋው በዝናብ ውስጥ ያለበትና ቦረና የሚደርቅበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ደግሞ በዛንዚባር ነፋሻና ምቹ ነው።

ይህ ስሌት ግን ለሲሼልስና ለማልዲቭስ አይሠራም። በሲሼልስ ዝናቡ የሚበረታው በታኅሣሥና በጥር ሲሆን፣ ከግንቦት እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ አየሩን ያደርቀዋል፤ በአንዳንድ ዳርቻ ግን ባሕሩን ያናውጣል። ማልዲቭስ ተቃራኒ ናት፤ ደረቁ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ እርጥቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው።

ዋጋም ከወቅት ጋር ይሄዳል። በሁሉም ደሴቶች ዋጋው ጣሪያ የሚነካው በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሳምንታት ነው፤ በዛንዚባር የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸው የሐምሌና የነሐሴ ወራትም ውድ ናቸው። የእንቁጣጣሽ ሰሞን የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱበት፣ የዛንዚባር ደረቅ ወቅትም ያላበቃበት ነው። ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጥሩ ምርጫ ይሆናል።

ተረት 3፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የትም መግባት አይቻልም።

እውነታ፦ ሲሼልስ ለየትኛውም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም። ከበረራው በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መውሰድ፣ የመመለሻ ትኬት፣ የተረጋገጠ ማረፊያና በቂ ገንዘብ ማሳየት ግን ግዴታ ነው። ማልዲቭስም ለኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ማረፊያው የ30 ቀን ቪዛ በነፃ ትሰጣለች፤ መንገደኛው ከመድረሱ በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በኢንተርኔት መግለጫ መሙላት አለበት። ወደ ኬንያ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ ይገባሉ። ለታንዛኒያ፣ ስለዚህም ለዛንዚባር፣ ቪዛ ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት መጠየቅና ለመልሱ በቂ ጊዜ መስጠት ይገባል። የትኬት ገንዘብ መከፈል ያለበት ቪዛው ከተገኘ በኋላ ነው።

ከሁሉም በፊት የሚቀድመው ፓስፖርቱ ነው። ስድስት ወር ያህል የሚቆይ የአገልግሎት ዘመን የቀረው ፓስፖርት ከአራቱም ቦታዎች ደንብ ጋር ይስማማል። አዲስ የሚያወጣ ወይም የሚያሳድስ ሰው አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረብ ስላለበት፣ ከቆላ ከተሞች ወደ ቅርንጫፍ ቢሮ የሚደረገው ጉዞ ራሱ በዕቅዱ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል።

ተረት 4፦ ቢጫ ካርድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከጉዞው ዋዜማ ቢወጣ ይበቃል።

እውነታ፦ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊተላለፍባቸው ከሚችሉ አገሮች አንዷ በመሆኗ ከዚህ የሚሄድ መንገደኛ በአራቱም የደሴት ስብስቦች ቢጫ ካርድ የሚባለውን የክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ እንደገና ታይቷል። ለደቡብ ነዋሪ ክትባቱ ከጉዞው ባሻገር ለራሱ ሕይወትም ይጠቅማል።

ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በዋዜማው የተከተበ ሰው ካርድ በእጁ እያለ ሊመለስ ይችላል። በሌላ በኩል ካርዱ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል፤ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ክትባቱ የሚሰጠው ለዓለም አቀፍ መንገደኞች በተፈቀደላቸው ማዕከላት እንጂ በየጤና ጣቢያው አይደለም። ሳይከተቡ ካርድ መግዛት ደግሞ ሰውን ያለ መከላከያ ያስቀራል፤ በሐሰተኛ ሰነድም ያስጠይቃል።

ተረት 5፦ የቆላ ሰው ሙቀቱንም ወባውንም ለምዶታል።

እውነታ፦ ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ፣ ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ቀኑ ቢያቃጥልም አየሩ ደረቅ ነው፤ ላብ ቶሎ ይተናል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። በደሴት ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፤ ሌሊቱም አይበርድም። ብዙ ውኃ መጠጣት፣ በቀትር ጥላ መፈለግና ለሕፃናትና ለአረጋውያን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማቅለል ያስፈልጋል። ከውኃው ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ጥቁር ቆዳንም ያቃጥላል።

ወባን በተመለከተ፣ በኢትዮጵያ ቆላ ሥርጭቱ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጠንካራ የመቋቋም አቅም አይፈጥርም፤ ያለውም ቢሆን ከጊዜ ጋር ይጠፋል። በሲሼልስ ወባ የለም፤ ማልዲቭስም እ.ኤ.አ. በ2015 ከወባ ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጧል። በዛንዚባር በጣም ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፤ በላሙም አለ። ወደ እነዚህ ሁለቱ የሚሄድ ሰው፣ በተለይም ነፍሰ ጡር ሴት፣ ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ማማከርና አጎበር መጠቀም አለበት።

ተረት 6፦ የሆቴሉ ዋጋ ተከፍሎ ካለቀ ሌላ ወጪ የለም።

እውነታ፦ በማልዲቭስ ሪዞርቶች ማስታወቂያ ላይ ከሚታየው ዋጋ ሌላ 17 በመቶ የቱሪዝም ግብርና አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሪዞርት የሚያርፍ እያንዳንዱ ሰው ለአንድ ሌሊት 12 ዶላር የአካባቢ ግብር ይከፍላል። ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሪዞርቱ የሚወስደው ፈጣን ጀልባ ወይም በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ለብቻው ይከፈላል፤ አውሮፕላኑ ለአንድ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። የሚበረውም በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ አመሻሽ ላይ የደረሰ መንገደኛ ዋና ከተማዋ ማሌ አካባቢ ለማደር ተጨማሪ ይከፍላል። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ጎብኚ ሁሉ 44 ዶላር የሚያወጣ የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች። ቤተሰብ የሚያቅድ ሰው ሆቴሉን ሊጠይቅ የሚገባው ግብርን፣ የአገልግሎት ክፍያንና ማመላለሻን ሁሉ ያካተተውን የመጨረሻ ዋጋ ነው።

ተረት 7፦ ዶላር የሚገኘው ከድንበር ገበያ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንኮች ፓስፖርት፣ ትኬትና፣ አስፈላጊ ከሆነ፣ ቪዛ ላቀረበ መንገደኛ የውጭ ምንዛሪ ይሸጣሉ። ለአንድ ጉዞ የሚፈቀደውን ጣሪያ የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ ሲሆን መጠኑ ስለሚቀያየር ከጉዞው ሳምንታት በፊት ባንኩን መጠየቅ ይገባል። ከመንገድ የተገዛ ዶላር ሕጋዊ ደረሰኝ የለውም፤ በፍተሻ ከተያዘ ሊወረስ፣ ሐሰተኛ ሆኖም ሊገኝ ይችላል። ብር በደሴቶቹ ላይ አይመነዘርም።

ተረት 8፦ እዚህ የተፈቀደ ነገር እዚያም ይፈቀዳል።

እውነታ፦ ጫት በኢትዮጵያና በኬንያ ሕጋዊ ነው፤ በታንዛኒያ ግን፣ ዛንዚባርን ጨምሮ፣ የተከለከለ ዕፅ ነው። ለመንገድ ተብሎ በሻንጣ የተቀመጠ ጥቂት ጫት እስራት ሊያስከትል ይችላል። ፌስታልም እንዲሁ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 የፕላስቲክ ከረጢትን ስለከለከሉ ልብስና ጫማን በጨርቅ ከረጢት መጠቅለል ይሻላል። ወደ ማልዲቭስ አልኮል ይዞ መግባት አይፈቀድም።

የዛንዚባርና የላሙ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ሐላል ምግብ ለማግኘት አያስቸግርም፤ ነዋሪው ባለበት ሰፈር ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ ክብር ነው። በረመዳን ወር ቀን ላይ በአደባባይ መብላት ስለማይገባ ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ጾመኛ የሆነ ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ በኮኮናት ወተት የተሠሩ የአትክልትና የጥራጥሬ ምግቦችን በቀላሉ ያገኛል።

ተረት 9፦ ባሕሩ ሁልጊዜ በፎቶው እንደሚታየው ከደጃፍ ነው።

እውነታ፦ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። በዛንዚባር በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውኃው ከሆቴሉ ፊት በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ሸሽቶ ለሰዓታት ይቆያል። ዋና የሚፈልግ ሰው ሰሜናዊውን የኑንግዊን ዳርቻ ቢመርጥ ይሻለዋል። የሙላቱ ሰዓትም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ሆቴሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። በማልዲቭስ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ብዙ አያልፍም።

በሐይቅ ወይም በወንዝ የተማረ ዋና ለውቅያኖስ አይበቃም። ወደ ጥልቁ የሚጎትት የውኃ ፍሰት የያዘው ሰው ከፍሰቱ ጋር ከመታገል ይልቅ ከዳርቻው ጋር ትይዩ መዋኘት አለበት። ዋና የማይችልና ሕፃናት ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት ጀልባ ላይ መውጣት የለባቸውም። በድንጋዩ መካከል እሾሃማ የባሕር ፍጥረታት ስላሉ የውኃ ጫማ ይጠቅማል።

ተረት 10፦ ትኬቱ ከተቆረጠ መንገዱ አለቀ።

እውነታ፦ ከነገሌ አዲስ አበባ ድረስ በመንገድ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ዛንዚባርም ወደ ሲሼልስም በቀጥታ ይበርራል፤ በረራው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ ከጉዞው ሁሉ ረጅሙና እርግጠኛ ያልሆነው ክፍል በአገር ውስጥ ያለው መንገድ ነው። ዝናብ፣ የመኪና ብልሽት ወይም የጸጥታ ችግር አንድ ቀን ሊያስተጓጉል ስለሚችል ከበረራው ሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መድረስ ተገቢ ነው። ሐዋሳ ድረስ በመኪና ሄዶ ከዚያ በአውሮፕላን መቀጠልም ይቻላል።

ለሞያሌ ነዋሪ ደግሞ በኬንያ በኩል ሌላ መንገድ አለ። ከሞያሌ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አስፋልት ሲሆን፣ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። ከናይሮቢ ወደ ላሙም ወደ ዛንዚባርም በረራ አለ። ወደ ኬንያ ሲገባ ፓስፖርቱ ላይ የመግቢያ ማኅተም ማስመታት ግዴታ ነው፤ ያለ ማኅተም የገባ ሰው በመውጫው ላይ ይያዛል።

ዕቅዱ በቅደም ተከተል ሲወጣ እንዲህ ይሆናል፦ ከስድስት ወር በፊት ደሴቱንና ወቅቱን መምረጥ፣ ፓስፖርቱን ማየት፤ ከሦስት ወር በፊት ለዛንዚባር ከሆነ ቪዛ ጠይቆ ማግኘት፣ የሆቴሉን የመጨረሻ ዋጋ በጽሑፍ መቀበል፣ ትኬት መቁረጥ፤ ከአንድ ወር በፊት መከተብና ባንኩን ማነጋገር፤ በመጨረሻው ሳምንት የኢንተርኔት ፈቃዱን ወይም መድኑን መጨረስ፣ ሻንጣውን ከጫትና ከፌስታል ማጽዳት፤ ከበረራው ሁለት ቀን በፊት አዲስ አበባ መግባት።